በደል የሌለው ገዳይ

«እማዬ፣ ድመቷ አይጧን የምታሳድዳት ጠልታት ነው?» ስትል ትርንጎ በአምስት ዓመቷ፣ ክረምቱ በበረታበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከጎታው ሥር ቁጢጥ ብላ እናቷን ጠየቀቻት። እናቲቱ ደብሪቱ ምስር ትለቅም ነበርና ቀና ሳትል «አይ ልጄ፣ ምን በወጣት ትጠላታለች? ስትሮጥባት ጊዜ እግሯ እንቢ ይላታል እንጂ» አለቻት። «ባትሮጥስ?» «ባትሮጥማ፣ እኔ እንጃ፣ አይታ እንዳላየች ታልፋት ይሆናል።» «ታዲያ ከገደለቻት በኋላ ኃጢአቱ የማን ነው?» ደብሪቱ ሳቀች፤ «እንስሳ ምን ኃጢአት አለው? ኃጢአት የኛ የሰዎቹ ነው። ይልቅ ያን ሰፌድ አቀብዪኝ» አለችና ነገሩን በዚያው ዘጋችው።

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ልዑል እግዚአብሔር ዓለምን ከነሥርዓቷ በፈጠረ ጊዜ ለአዳኙ ጥርስን፣ ለታዳኙ እግርን አደለ፤ ለአንዱ ማሳደድን፣ ለሌላው መሸሽን በደሙ ውስጥ ጻፈለት፤ እነሆም ከዚያች ዕለት ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ አሳዳጅ ያለ ቂም ያሳድዳል፣ ተሳዳጅም ያለ በደል ይሸሻል፤ በመካከላቸው የሚፈሰውንም ደም፣ ከሳሽም ተከሳሽም ስለሌለው፣ ምድር ዝም ብላ ትጠጣዋለች። ሊቃውንት ይህን ነገር ባሕርይ ብለው ይጠሩታል፤ ባላገር ደግሞ «አመሉ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ያ ደም ከገዛ ቤት የፈሰሰ እንደሆነ፣ የሊቃውንቱ ቃልም ሆነ የባላገሩ አነጋገር የአንዲትን እናት ዕንባ ለማበስ አቅም እንደሌለው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ ያስረዳል።

በቀደመው ዘመን፣ ከበሽሎ ሸለቆ አፋፍ ላይ፣ ፊታውራሪ ገላግሌ የሚባሉ፣ ግቢያቸው ሰፊ፣ ገበታቸው ሙሉ፣ ስማቸውም በቅርብ የተከበረ በሩቅም የተፈራ አንድ መኰንን ነበሩ። ደብሪቱ ባሏ በንዳድ ታሞ፣ ትርንጎን የስምንት ወር ሕፃን አድርጎ ከሞተባት ወዲህ፣ በኚህ ሰው ማድቤት ወጥ ሠሪ ሆና ታገለግል ነበር፤ ጾሟን የማትሽር፣ ጸሎቷን የማታስታጉል፣ ክፉ ቃል ቢሰነዘርባት አንገቷን ደፍታ የምታሳልፍ፣ ታጋሽና ዝምተኛ፣ ትሑትና ቅን ሴት ነበረች፤ ከዚህ ዓለም የደረሳትም ርስት ይህችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ትርንጎ ያን ጥያቄ በጠየቀችበት ዓመት፣ ዝናሙ አባርቶ ሣሩ ሲደርቅ፣ ከቆላ የመጡ አዳኞች እናቱ የተገደለችበትን አንድ የአንበሳ ደቦል በስልቻ ከተው ለፊታውራሪ እጅ መንሻ አመጡላቸው። እርሳቸውም እጅግ ደስ ብሏቸው ዳምጠው ሲሉ ስም አወጡለትና ለግቢያቸው ግርማና ሞገስ ይሆን ዘንድ እንዲያድግ አዘዙ። ደቦሉ ግን ከማንም እጅ አልጠጣ ብሎ ሦስት ቀን በረኃብ ሲያቃስት ከሰነበተ በኋላ፣ በአራተኛው ቀን ደብሪቱ አንጀቷ አልችል ቢላት፣ ከጭኗ አስተኝታ ጣቷን በፍየል ወተት እየነከረች አጠባችው፤ ከዚያም ወዲያ በእርሷ እጅ አደገ። ትርንጎ ከአንድ በኩል፣ እርሱ ከሌላው በኩል፣ ከአንዲት ሴት ጉልበት ሥር ሲያንቀላፉ ያየ ሁሉ ይህች ማድቤት አዳም ከመበደሉ በፊት የነበረችውን ገነት መሰለች ይል ነበር። ገነት መውጫ በር እንደነበራት ግን በዚያን ጊዜ ማንም አላስታወሰም።

አንድ ዓመት ሲሞላው ዳምጠው ጎፈሩ ማቆጥቆጥ፣ ትከሻው መስፋት፣ ድምፁም ማጀት የተቀመጠን ሰው ሳይቀር ማንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ በሰንሰለት እንዲታሰር ተወሰነ፤ ጠባቂም ተሾመለት። ጠባቂው ሽበሺ ይባላል፤ ወጣትነቱን በአደን የጨረሰ፣ ከግራ እጁ ሁለት ጣቶች የጎደሉት ሽማግሌ ነው። ትርንጎ «አያ ሽበሺ፣ ጣቶችዎ የት ሄዱ?» ስትለው «ነብር ላጎርስ ብዬ፣ ስስታሙ ከነጣቴ ዋጠው» ይላታል፤ እርሷም «እንግዲያው የቀሩትን ይደብቋቸው፣ ዳምጠው እያያቸው ነው!» እያለች ትስቅበታለች። ነገር ግን ይህ ቀልደኛ ሽማግሌ አንድ የማይቀልድበት ሕግ ነበረው፤ ይኸውም በዚያ ግቢ ውስጥ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ አንበሳው ከሰንሰለቱ በተፈታ ጊዜ ማንም እንዳይሮጥ፣ ማንም እንዳይጮኽ ነው። «አንበሳ ዓይኑ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚለየው» ይል ነበር፤ «የቆመና የሚሮጥ። የቆመውን ማነህ ብሎ ይጠይቀዋል፤ የሚሮጠውን ግን አይጠይቀውም።» ስለዚህ የዚያ ቤት ሰዎች ሁሉ በግቢው ውስጥ ታቦት እንደሚያጅቡ ቀሳውስት በዝግታና በጸጥታ መራመድ ለመዱ፤ ምክንያቱን የማያውቁ እንግዶችም «የፊታውራሪ ሎሌዎች እንዴት ያሉ ጨዋዎች ናቸው!» እያሉ ያደንቁ ነበር። ከሁሉም ይልቅ ሕጉን የጠበቀች ትርንጎ ናት፤ አንበሳው ተፈትቶ ባየች ጊዜ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ እንደ ትንሽ ወይዘሮ እየተንጎራደደች ታልፈው ነበርና።

ይሁን እንጂ በዚያች ብላቴና ሰውነት ውስጥ ሌላ ሕግም ነበረ። በዚያ አገር ልጅ ሲላክ ላኪው ከመሬት ላይ እንትፍ ይልና «ይህ ምራቅ ሳይደርቅ ተመለስ» ይለዋል፤ ልጁም ምራቁ ሳይደርቅ መመለሱ የክብሩ ምልክት፣ የእናቱም አስተዳደግ ምስክር ነው። ደብሪቱ ከአጥሩ ውጭ ካለችው ጎጆዋ ደጃፍ ቆማ ትርንጎን በላከቻት ቁጥር እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ ልጅቱም ቀሚሷን ሰብስባ እንደ ሚዳቋ ትፈተለካለች፤ ምራቁም አንድ ቀን እንኳ ደርቆ አያውቅም። ጎረቤቶች «ይቺ ልጅ እግር ሳይሆን ክንፍ ነው የተሰጣት» ሲሉ፣ በሌላ ነገር ሁሉ ትሑት የነበረችው እናት በዚህ አንድ ነገር ብቻ ልቧ ደስ እያለው ፊቷን ወዲያ ታዞር ነበር። እንዲህም ሆኖ፣ ከአጥሩ ወዲያ የመሮጥ ሕግ፣ ከአጥሩ ወዲህ የመራመድ ሕግ፣ ሁለቱም በአንዲት ትንሽ ልብ ውስጥ ሳይጣሉ ይኖሩ ነበር፤ አንድ ቀን ከአንድ ደጃፍ ላይ ይገናኛሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ትርንጎ ሰባት ዓመት ሞልቷት ሁለት ወር ባለፋት በአንዲት ቅዳሜ፣ ፀሐይ ከፍ ስትል፣ የአጎራባቹ አገር ዳኛ ከነአጃቢዎቻቸው ሳይታሰቡ ከፊታውራሪ ደጅ ደረሱ። ቅዳሜ ደግሞ የአንበሳው ጋጣ የሚጠረግበት ቀን ነበር፤ እንግዶቹ ወደ ውስጥ ከገቡ በኋላ ሽበሺ እንደ ልማዱ ለዳምጠው አንድ የፍየል ወርች አብልቶ፣ ሰንሰለቱን አውልቆ፣ «ፈታሁት!» ሲል ለግቢው ሁሉ አስታወቀ፤ ከሁሉም ድምፅ መካከል «እሺ፣ ሰምተናል!» ብላ ከማድቤት የመለሰችው ደብሪቱ ራሷ ነበረች። አንበሳውም ጠግቦና ተዝናንቶ ከወይራው ሥር በፀሐዩ ላይ ተዘረጋ። ማድቤቱ ግን በዚያች ሰዓት የጦር ሰፈር ይመስል ነበር፤ እሳቱ ይነዳል፣ አዛዡ ይቆጣል፣ አንዱ ድስት ሲወጣ ሌላው ይጣዳል፤ በዚህ ሁሉ መካከል ዱቄት የሚነፋበት ወንፊት ተቀዶ ተገኘ። ደብሪቱ እጇ በሊጥ ተይዞ፣ አሳቧ በሃያ ወገን ተከፍሎ ሳለ፣ ከጥግ ተቀምጣ ሽንኩርት የምትልጥ ልጇን «ትርንጎዬ፣ ከክርስትና እናትሽ ቤት ወንፊት ለምነሽ አምጪልኝ» አለቻት። ከዚያም፣ ወዮ! ልቧ የሚያውቀውን አፏ ሳይጠብቅ፣ የዘወትር ልማዷ ቀደማትና፣ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ እንትፍ ብላ «ይኸው፣ ይህ ምራቅ ሳይደርቅ!» አለች።

«አይደርቅም!» አለችና ትርንጎ ወጣች። እናቷ ከደጃፉ ቆማ አየቻት፤ ሕጉን አልዘነጋችም፤ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ዐሥር ርምጃ ያህል በቀስታ ተራመደች። ሽበሺ ከጋጣው ውስጥ መጥረጊያውን እንደያዘ አንገቱን ብቅ አድርጎ «አንቺ ወይዘሮ! ቀስ፣ ቀስ፣ ሰርግ አልተጠራሽም!» ሲላት «ቀስ እያልኩ ነው አያ ሽበሺ!» ብላ መለሰችለት። በዚህ ጊዜ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ድንጋዩን ተመለከተች። የቀትር ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ነበርና ምራቁ ከዳር ከዳሩ እየሸሸ አንዲት ጠብታ ብቻ ቀርቶታል። ልጅቱ ዓይኗ ፈጠጠ፤ የሳቅም የድንጋጤም በሆነ ድምፅ «እማዬ፣ ሊደርቅ ነው እኮ!» አለች፤ ቀሚሷንም ሰብስባ ሮጠች።

ዳምጠው ተነሣ። አልተቆጣም፤ አላገሣም፤ ጆሮው ብቻ ቀጥ አለ፤ ከደሙ ጥልቅ፣ የፍየል ወተትም የሰው እጅም ካልደረሰበት ስፍራ፣ አንድ ጥንታዊ ትእዛዝ ወጥቶ አራቱን እግሮቹን አነሣቸው፤ በሦስት ዝላይም ደረሰባት። መንጋጋውን እንኳ አልከፈተም፤ በመዳፉ አንድ ጊዜ ከጀርባዋ መታት፤ ልጅቱም በግንባሯ ወደቀች፤ አንገቷ ከአጥሩ ግንድ ጋር ተጋጨ፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ከዚያ በኋላ አንበሳው በላይዋ ቆሞ አሸተታት፤ ተነሥታ እንድትሮጥ በአፍንጫው ገፋ ገፋ አደረጋት፤ ያቺ የሮጠች ነገር ደግሞ ስለማትሮጥ ግራ እንደ ገባው ቀና ብሎ ወደ ማድቤቱ ደጃፍ፣ ወዳሳደገችው ሴት ተመለከተ። ደብሪቱ አልጮኸችም፤ ጩኸት ክልክል ነበርና። አልሮጠችምም፤ ልጇ ምናልባት በሕይወት ትኖር እንደሆነ በሩጫዋ እንዳታስጨርሳት ፈርታ፣ ከደጃፉ እስከ አጥሩ ያለውን አርባ ርምጃ፣ አንዱን እግር ከሌላው እያስቀደመች፣ በቀስታ ተራመደችው። አንባቢ ሆይ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ለማዳን እሳት ውስጥ እንደሮጡ፣ ወንዝ ውስጥ እንደዘለሉ ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ልጇ ሬሳ በጨዋ አረማመድ እንድትሄድ የተፈረደባት እናት ግን ምን ተብሎ ይጻፍላታል? ሽበሺም በሌላ በኩል እንዲሁ በቀስታ መጥቶ ሰንሰለቱን ከአንበሳው አንገት ላይ አጠለቀ። ደብሪቱ ተንበርክካ ልጇን ስታነሣ አንገቷ ወደ ኋላ ዘንበል አለ።

ትርንጎ በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ተቀበረች። ለቀስተኛው ሲበተን ደብሪቱ ወደ ኋላ ቀርታ፣ ከደጀ ሰላሙ ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጠው ወደነበሩት የነፍስ አባቷ ወደ መምሬ ቢሻው ቀረበች፤ መምሬ ቢሻው ርኅሩኅና አዋቂ፣ በዕድሜም የገፉ ካህን ነበሩ።

«አባቴ፣ ቀኖና ይስጡኝ።»

«በምን ኃጢአት፣ ልጄ?»

«በምራቄ» አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ይህ ኃጢአት ከሆነ በዚህ አገር የምትጸድቅ እናት የለችም» አሉ መምሬ ቢሻው። «እኔም ትናንት ሰው በላክሁ ጊዜ እንዲሁ ብያለሁ። የልማድ ቃል ነው ልጄ፤ ክፋት የለበትም።»

«እንግዲያው የአንበሳው ነው?»

«አንበሳ ሕግ አልተሰጠውም። ሕግ ያልተሰጠውን ምን ብለው ይፈርዱበታል?»

«ታዲያ የልጄ ሊሆን ነው? እሷ እኮ ታዘዘች እንጂ ሌላ ምን አደረገች፣ አባቴ!»

«የሷማ እንዴት ይሆናል! የማንም አይደለም።»

«የማንም ካልሆነ እኔ ማንን ይቅር ልበል?» አለች ደብሪቱ። «እባክዎ፣ ሱባዔ ያስገቡኝ። ስግደት ይዘዙብኝ፣ ውኃ ይከልክሉኝ። ሰባት ዓመት ይበሉኝ፣ ዕድሜ ልኬን ይበሉኝ። በደለኛ ነሽ ይበሉኝ ብቻ።»

ሽማግሌው ካህን መስቀላቸውን አነሡ፤ ነገር ግን ያልታሰረውን መፍታት እንደማይቻል ሁሉ፣ በደል ያልሆነውን በቀኖና ማሰርም አልተቻላቸውምና መስቀሉ በእጃቸው ላይ ከበደ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብቻ አሉ፤ እርሷም መስቀሉን ተሳልማ፣ እንደመጣችው ሸክሟን ተሸክማ ተመለሰች። ወንጀለኛ ከፍርድ ቤት ነፃ ተብሎ ሲወጣ ደስ እያለው ይሄዳል፤ ይህች ሴት ግን ነፃ ነሽ በመባሏ፣ ሊደገፉበት የሚቻለው የመጨረሻው ግድግዳ ከጀርባዋ የፈረሰባት ያህል ተንገዳገደች።

ከመንገድ የፊታውራሪ መልእክተኛ ጠበቃት። ፊታውራሪ ገላግሌ አንበሳውን እንደ ልጅ ይወዱት ነበር፤ ሆኖም ዳኝነታቸውን ከፍቅራቸው የሚያስበልጡ ሰው ነበሩና፣ ከሎሌዎቻቸው ፊት አስቁመው በለሰለሰ ቃል እንዲህ አሏት፦ «ደብሪቱ፣ በአገራችን ሥርዓት ነፍስ ያጠፋ ለሟች ወገን ይሰጣል። ዳምጠው ሰው ቢሆን ኖሮ እሰጥሽ ነበር፤ እንስሳ ነው ብዬ ሥርዓት አላጓድልብሽም። ምሬዋለሁ ካልሽ ወደ ቆላው እንዲሰደድ አደርጋለሁ፤ ይሙት ካልሽ ይሞታል። ነገ ጠዋት ቃልሽን ስጪ።» ከዚያ ስትወጣ ሽበሺን ከበሩ ጥግ ተደፍቶ አገኘችው። «እቴ ደብሪቱ» አላት እግሯን ይዞ፣ «ጥፋቱ የሽበሺ ነው በያቸው። የፈታሁት እኔ ነኝ። እሱ ጎስቋላ ምን ያውቃል? እኔን ስጡኝ በያቸው፤ ስለ ወላዲተ አምላክ።» ደብሪቱ ቁልቁል አየችው፤ እርሱንም በደለኛ ልታደርገው ፈለገች፤ ፈልጋም አልሆነላትም። «አንተማ ቀስ በይ ብለሃታል» አለችው፤ «አንተ ምን አደረግህ» ብላ እግሯን ቀስ አድርጋ አስለቀቀችና ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቅዳሴ እንደወጣ፣ ደብሪቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከግቢው መካከል ቆመች። ፊታውራሪ ከነመኳንንታቸው ተቀምጠዋል፤ ጦር የያዙ አራት ሎሌዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ሽበሺ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሯል። ዳምጠው ከወይራው ግንድ ጋር በአጭሩ ታስሮ ነበር፤ ከትናንት ወዲህ አልበላም፤ ደብሪቱን ባየ ጊዜ ተነሥቶ፣ ደቦል ሳለ እርሷን ለመጥራት ያሰማው የነበረውን ያን ቀጭን የልመና ድምፅ አሰማ። እርሷም ወደ እርሱ ቀረበች። ቢያጉረመርም፣ ጥርሱን ቢያወጣ፣ ወይም በፀፀት የተመታ ይመስል ፊቱን ቢያዞርባት፣ ወይም ሰንሰለቱን ጎትቶ ሊሸሻት ቢሞክር፣ ማንኛውም ምልክት ቢሆን ለልቧ በበቃት ነበር፤ እርሱ ግን አልሸሸም፣ አላፈረም፣ አላጉረመረመም፤ ከባድ ራሱን ከእግሯ ላይ አሳርፎ ዓይኖቹን ከደነ። በዚያች ቅጽበት ደብሪቱ በደረቷ ውስጥ አንዳች ነገር ጆሮውን ሲያቆም፣ ተነሥቶም ሲንጠራራ ተሰማት፤ ከፊቷ የሚሸሽ ማንም አልነበረም፣ በውስጧ ግን የሚያሳድድ ነበረ።

«ቃልሽስ?» አሉ ፊታውራሪ።

«በደል የለበትም» አለች ደብሪቱ፣ ድምፅዋ ሳይናወጥ።

የምሕረት ቃል መስሎት ሕዝቡ ተነፈሰ፤ ሽበሺም ከአጥሩ ፊቱን መለሰ። እርሷ ግን እግሯን ከአንበሳው ራስ ሥር አወጣችና ከጦረኞቹ ኋላ ሄዳ ቆመች።

«ግደሉት።»

አራቱ ጦሮች በአንበሳው ላይ ሲያርፉም ዓይኗን ከእርሱ አልነቀለችም፤ እስኪያበቃ ድረስ ቆማ አየች፤ ከልቧም ላይ አንዲት ፍሬ ያህል እንኳ የቀለለ ነገር አልነበረም፤ በደለኛ ያጣ ሐዘን ከሚያውቀው እውነት ይልቅ የሚያገኘውን አንገት ይመርጣልና።